ለኤልደን የተገዛ አሳ

ባሏ ኤልደን ከሞተ በኋላ ሰዎች ቨርና ብዙ ነገር ትተዋለች ብለው ጠብቀው ነበር፤ መዘምራኑን፣ የደጇን በረዶ በአካፋ መዛቁን፣ የቅዳሜ ገበያውን። እሷ ግን ምንም አልተወችም። መተውም ማሰብ ይፈልጋል፤ ለማሰብ ደግሞ ጉልበቱ አልነበራትም። ቅዳሜ ሲሆን የአባልነት መታወቂያዋን ከኮቷ ኪስ ከትታ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው፣ ለአባላቱ ብቻ በጅምላ ወደሚሸጠው ክለብ ትነዳለች።

እሷና ባሏ አራት ልጆች ያሳደጉት ከዚያ መጋዘን እየገዙ ነበር። ልጆቹ ከቤት ሲወጡም ሁለቱ በትንሹ መግዛትን አልተማሩም። እሽጉን ከኤልደን እህት ከማርሊስ ጋር መካፈል ጀመሩ። መኪና ማቆሚያው ላይ የመኪናውን የኋላ በር ከፍተው፣ ኤልደን በሰንጢው ላስቲኩን ሰንጥቆ፣ ዶሮውን ለዚህ፣ ለዚያ እያለ ያከፋፍላል። ማርሊስ ሁልጊዜ ወፍራም ወፍራሙን ለራስህ አደረግከው ትለዋለች፤ እሱም ሁልጊዜ እውነትሽን ነው ይላታል።

መውጫው በር ላይ ኦርቪል የሚባል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ይቆማል። ሥራው ደረሰኙን ከጋሪው ጋር አስተያይቶ በቢጫ እስክሪብቶ መስመር ማስመር ነው። ኤልደን በዚያ በር ባለፈ ቁጥር ዛሬስ ሰርቄያለሁ፣ ደህና አድርገህ ፈትሽ ይለው ነበር። ኦርቪልም ጎንበስ ብሎ ከጋሪው ሥር ይፈትሻል፤ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ይናደዳል። ይህ ለዓመታት ያልሰለቻቸው ጨዋታ ነበር። ኦርቪል የሚኖረው ከሐይቁ ማዶ በሌላ ከተማ ስለሆነ ከዚያ በር ውጪ አይገናኙም።

ከኤልደን የስንብት ጸሎት በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ቅዳሜ ኦርቪል ጋሪዋን አይቶ ቀና አለና ሽማግሌውስ የት ሄደ ብሎ ጠየቃት።

«ቤት ነው» አለች ቨርና።

አስባ አልነበረም። ከኋላዋ ሰልፍ ነበር፤ ቃሉ ከአፏ ወጣ። ኦርቪልም አምኖ ጋሪውን ደግሞ አየና አሳው የለም፣ ሽማግሌው ምን ሊበላ ነው አላት። ኤልደን በኮምጣጤና በሽንኩርት የተዘፈዘፈ አሳ ይወድ ነበር፤ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ሳይዝ ከዚያ በር ወጥቶ አያውቅም። ረሳሁት አለችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገዛች።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ገዛች። አሳውን ብቻ ሳይሆን እሱ የሚወደውን ወፍራም ቋሊማም፣ ለቁርስ የሚበላውን የአሳማ ሥጋም። ኦርቪል ጋሪውን ሲያይ የጎደለ ነገር እንዳያገኝ ነው። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። ኤልደን ወገቡን አሞታል። ኤልደን ከቴሌቪዥኑ ጋር እየተጨቃጨቀ ነው። ኦርቪል ይስቅና ሰላም በይልኝ ይላል። እሺ ትላለች።

በሌላው ቦታ ሁሉ ኤልደን ሞቷል። ባንኩም፣ ፖስታ ቤቱም፣ ልጆቹም ያውቃሉ፤ ለሁሉም የነገሩት ሌሎች ናቸው። እሷ ሞተ የሚለውን ቃል ለማንም ተናግራው አታውቅም። መሬቱ በብርዱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለነበር ቀብሩም አልተፈጸመም፤ በብርዱ ወራት የሞተ ሰው ሁሉ እንደሚደረገው፣ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ሣጥኑ በመካነ መቃብሩ የድንጋይ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ቨርና አልቸኮለችም። በዚያ በር ላይ አንድ ሰው ለኤልደን ሰላምታ እየላከ እስከቆየ ድረስ ቀሪውን ሳምንት መኖር ይቻላል። የምትፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ማንም እንዲወስድባት አልፈለገችም።

ጋራዡ ውስጥ ያለው ፍሪዘር ግን ሞላ። ክዳኑ አልገጥም ሲል ለውሃ ማጣሪያ የገዙትን የጨው ከረጢት አንስታ ጫነችበት። የአሳው ብልቃጦች አጠገቡ ባለው አሮጌ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተደረደሩ። እሷ ራሷ የምትበላው የተጠበሰ ዳቦና እንቁላል ነበር፤ እሱንም ቆማ።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ በጨቀየ ሰሞን ማርሊስ መጣች። ቄሱ መሬቱ ለስልሷል ማለታቸውን ነገረቻት፤ ቀብሩ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ይሁን ተብሏል፣ ምሳው እንደ ደንቡ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነው። ለምሳው የሚሆን ሥጋ ካለሽ ልይ ብላ ወደ ጋራዡ ገባች። ቨርና ተከተለቻት። ማርሊስ የጨው ከረጢቱን አውርዳ ፍሪዘሩን ከፈተች። ዘጋችው። ማቀዝቀዣውን ከፈተች።

«ይኼን ሁሉ አሳ ማን ሊበላው ነው? አንቺ እንደሆን አሳ በሸተተሽ ቁጥር መስኮት ስትከፍቺ ነው የኖርሽው።»

«ርካሽ ነበር» አለች ቨርና።

«ርካሽ ከሆነ የትራክተር ጎማም ትገዢያለሽ?»

 ማርሊስ ጥቂት አየቻትና የጨው ከረጢቱን ራሷ አንስታ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ቅዳሜ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ የምሳውን ዕቃ እንገዛለን አለች። ቨርና ብቻዬን እችላለሁ ብትላትም፣ ያንን ሁሉ ዳቦ ብቻሽን አትገፊም ተባለች፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቅዳሜ ማርሊስ በጠዋት ደረሰች። ክለቡ ውስጥ ጋሪውን የምትገፋው እሷ ነበረች። የተቆረጠ የአሳማ ሥጋ፣ በትሪ የተደረደረ ትንንሽ ዳቦ፣ የወረቀት ሳህን፣ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ቡና፣ ጠረጴዛ የሚሸፍን ኬክ ጫኑ። ቨርና በማቀዝቀዣዎቹ በኩል ስታልፍ እጇን ሰዳ አንድ ብልቃጥ አሳ አነሳችና ከዳቦው ጎን አስቀመጠች። ማርሊስ አይታለች። ጋሪውን ገፋች።

ወደ መውጫው ሲቃረቡ ቨርና በሌላው በር እንውጣ ለማለት አሰበች። ሌላ በር አልነበረም።

ኦርቪል ጋሪውን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ይኼ ሁሉ ዳቦ ምንድን ነው? ሽማግሌው ሊደግስ ነው እንዴ? እኔን ሳይጠራኝ!»

ማርሊስ መግፋቷን አቆመች። መጀመሪያ ኦርቪልን፣ ቀጥሎ ቨርናን አየች፤ ከዚያ አፏን ከፈት አደረገች። ቨርና ያንን አከፋፈት ታውቀዋለች። ባንክ ቤትም ፖስታ ቤትም ሌሎች ስለ እሷ ሆነው ሊናገሩ ሲሉ አፋቸውን እንደዚያ ነበር የሚከፍቱት። ይህን በር እንኳ ሌላ ሰው እንዲዘጋው አልፈለገችም።

«ቀብሩ ነው» አለች ቀድማ። «ኤልደን ሞቷል። በረዶው ሳይቀልጥ ነው የሞተው።»

ድምፅዋን ሰማችው። የእንቁላል ዋጋ የምትናገር ይመስል ነበር።

ኦርቪል ደረሰኙን እንደያዘ ቀረ። ከኋላ በጋሪው ቴሌቪዥን የጫነ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ኦርቪል ጋሪውን አየ፤ ዓይኑ ብልቃጡ ላይ አረፈ።

«ታዲያ አሳውን ማን ሲበላው ከረመ?»

አልተቆጣም። በእርግጥ ለማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቃት።

«ማንም። ቤት አለ። ሁሉም አለ።» ቀጥላም «ሐሙስ ረፋድ ነው። አንተም ና» አለችው። ቤተ ክርስቲያኑ የት እንደሆነ ማርሊስ ነገረችው። ኦርቪል ዕቃውን ሳይቆጥር ደረሰኙ ላይ መስመሩን አሰመረና መለሰላት። እመጣለሁ አለ።

ዕቃውን ጭነው ሲጨርሱ ማርሊስ መሪውን ይዛ ተቀመጠች እንጂ ሞተሩን አላስነሳችም።

«በየሳምንቱ ይጠይቅሽ ነበር?»

«አዎ።»

«እንዴት ነበር?» አለች ማርሊስ ወደ ፊት እያየች። «እዚያ በር ላይ ኤልደን እንዴት ነበር?»

ቨርና አሰበች።

«ወገቡን ያመው ነበር» አለች። «ባለፈው ሳምንት ግን ተሽሎት ነበር።»

ማርሊስ ራሷን ነቀነቀች። በመዳፏ አፍንጫዋን ጠረገችና መኪናውን አስነሳች።

ሐሙስ ዕለት ቨርና ብልቃጦቹን በሙሉ በሣጥን ጭና ወደ ምድር ቤቱ አወረደች። የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ሴቶች ይህን ሁሉ ምን ልታደርጊው ነው ሳይሏት ሰፋፊ ሳህኖች አቀበሏት። መሬቱ ከላይ ለስልሶ ከሥሩ ገና ቀዝቃዛ ነበር፤ ከመቃብሩ የተመለሱት ሰዎች ጫማቸው ጭቃ እንደያዘ ተሰለፉ። ሽማግሌዎቹ አሳውን በዳቦ እያደረጉ በሉ፤ አንዳንዱ ተመልሶ ጨመረ። ቨርናም አንድ ቁራጭ ወሰደች። ኮምጣጤው ብቻ ተሰማት።

ኦርቪል ክራባት አስሮ መጥቶ ነበር። ወንበር ቢሰጡትም አልተቀመጠም፤ ሳህኑን ይዞ ከደረጃው ሥር በሩ አጠገብ ቆመ። ሰዎች የተረፈውን በወረቀት ሳህን ሸፍነው ሲወጡ፣ እያንዳንዱ ጋ ሲደርስ አንገቱን ትንሽ ሰገግ አድርጎ ያያል፤ ከዚያ ያሳልፈዋል። የሚያደርገውን ራሱም ያወቀው አይመስልም።

ቨርና መጨረሻ ወጣች። የታጠቡትን ብልቃጦች በሣጥኑ ይዛ ነበር፤ ስትራመድ ይንቀጫቀጫሉ። ኦርቪል ጎንበስ ብሎ አየ።

«ባዶ ናቸው» አለችው።

አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ከበሩ ዞር አለላት።