ከካሜራው ኋላ

«ወዳንተ ሲያልፍ ከዚህኛው ይጠፋል?» አሉ እትዬ ዓለሚቱ፣ የልጃቸውን ኮምፒውተር ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ።

«አይጠፋም እትዬ። እዚህም ይቀራል፣ ወደኔም ይገለበጣል» አለ ክንፉ። ከልጃቸው ከጌዲዮን ጋር ሠርግ ሲቀርጹ የኖሩ ባልደረቦች ነበሩ። ዛሬ ከምዕራብ ዓባያ የራሱን ኮምፒውተርና ሁለቱን ማሽን በቀጥታ የሚያገናኝ ገመድ ይዞ መጥቷል። «ፍላሽ አይችለውም፤ ኔትወርኩን ደግሞ ያውቁታል። ማሽኑ አርጅቷል፣ አንድ ቀን እምቢ ካለ የሰው ሁሉ ሠርግ አብሮ ይቀበራል።» ያወጣው ቃል ራሱን አስደነገጠውና አንገቱን ደፋ።

የጌዲዮን ሠልስት ነው። ለቀስተኛው በሹክሹክታ ያወራል፤ ከዓባያ ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ የድንኳኑን ሸራ ቀስ ብሎ ያነሳና መልሶ ያስቀምጠዋል። እትዬ ዓለሚቱ እንቅልፍ ካጡ ወዲህ ቀኑና ሕልሙ ተደባልቆባቸዋል። ሸራው በተነሳ ቁጥር ልጃቸው ካሜራውን አንግቶ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ይመስላቸዋል።

ከልጅነቱም እንዲሁ ነበር። እሳቸው ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ሲያስቆርጡ ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ዓይኑ ላይ ደግኖ ሠራተኛውን ሁሉ ያሰልፍና ያስቅ ነበር። ካደገም በኋላ በጫኖ በኩል እሱ ያልቀረጸው ሠርግ አልነበረም። የሰውን ደስታ ሲያነሳ ኖሮ፣ ለራሱ የቀረችው አንዲት የመታወቂያ ፎቶ ናት። እሷም ድንኳኑ ውስጥ ተሰቅላ ኮስተር ብላለች። የሳቸው ልጅ ኮስታራ አልነበረም። እናቱን የሚያንገበግባቸው ይኼ ነው፤ ፊቱ በልባቸው እንደዚያች ፎቶ ሆኖ እንዳይቀር ፈርተዋል።

ኮምፒውተሩን ሰጡት።

«ሐዘን ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይከፈታል?» አሉ ወንድማቸው አቶ ሀብተጊዮርጊስ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል!» አሉ እትዬ ዓለሚቱ።

ክንፉ ለሐዘኑ ክብር የኮምፒውተሩን ድምፅ አጠፋና ገመዱን ሰካ። ሠርጎቹ አንድ በአንድ መሻገር ጀመሩ። በደህና መድረሳቸውን ለማየት አንዱን ከፈተ። ሙሽሮች፣ አዛውንቶች፣ ያለ ድምፅ የሚጨፍሩ እናቶች ታዩ። እትዬ ዓለሚቱ መነጽራቸውን አድርገው ሰዉን አንድ በአንድ ፈለጉ።

«እሱ የታለ?»

«አይታይም እትዬ። የሚቀርጸው እሱ ነው።»

ሆድ ባሳቸው። ወደ ማሽኑ ጠጋ አሉና፣ «ድምፁስ?» አሉ።

ክንፉ አቶ ሀብተጊዮርጊስን አየ።

«እኔን እይ! ክፈተው!» አሉት እትዬ ዓለሚቱ።

ከበሮውና እልልታው ድንኳኑን ሞላው። ሹክሹክታው ቆመ። ከጭፈራው ሁሉ ቀረብ ብሎ፣ ሳቅ እያፈነው፣ ጌዲዮን ተናገረ።

«እናቶች! ወደኔ፣ ወደኔ እዩ! ነጠላችሁን ቀና አድርጉ… እንደሱ!»

እትዬ ዓለሚቱ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ከትከሻቸው የተንሸራተተውን ጥቁር ነጠላ ቀና አደረጉና ወደ ልጃቸው ተመለከቱ።