የመስኮቶቹ ተራ አስከባሪ

«ይሄ ነገር ያሾፍብኛል እንዴ!» አለች ገላኔ። ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ሦስተኛ ሙከራዋ ነበር፤ ሦስተኛውም እንደ ሁለቱ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ጋሽ ሰብስቤ ከኋላዋ ቆመው ያያሉ። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንዱን ያሳለፉት እዚሁ አዳማ፣ በዚህ የጽሕፈት ማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ፣ ሰው በአሥር ጣቱ ኪቦርድ ሳያይ እንዲጽፍ ሲያስተምሩ ነው። ገላኔም ከስምንት ዓመት በፊት ከቆቃ በሚኒባስ እየተመላለሰች የተማረችው ከእሳቸው ነው። ዛሬ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ለእሳቸው ብላ የአንድ ቀን ፈቃድ ወስዳ መጥታለች።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሽ ሰብስቤ።

«አልገነባም ነው የሚለው።»

«እምቢ ካለማ ምን ይደረጋል...»

«እምቢ ማለት መብቱ ነው ጋሼ። ምክንያቱን ሳይነግረኝ ግን አለቀውም።»

ምክንያቱ ደግሞ ቶሎ መገኘት ነበረበት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መርዳሳ የሚባል፣ አሮጌ ዕቃ በኪሎ የሚገዛ ሰው አይሱዙውን ይዞ ይመጣል። የማሠልጠኛው ባለቤት ኪዳነወልድ ቁርጡን ተናግሯል። አሥሩ ኮምፒውተሮች አርጅተዋል፤ አንዲት ደብዳቤ እስኪከፍቱ ሰው ወጥቶ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ስለዚህ ይሸጣሉ፣ ክፍሉም ለሞባይል መሸጫ ይከራያል። አሥራ ስምንቱ ሠልጣኞች ወደየቤታቸው፣ ጋሽ ሰብስቤም ወደ ቤታቸው ማለት ነው። ቤት ቁጭ ብለው ምን እንደሚሠሩ ደግሞ ጋሽ ሰብስቤ አስበውት አያውቁም፤ ማሰቡ ራሱ ያስፈራቸዋል።

ገላኔ ባለፈው ቅዳሜ ማሽኖቹ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ጭናባቸው ነበር። አብሮት የመጣው ያጌጠ ገጽ ግን ለእነዚህ ሽማግሌ ማሽኖች ከበዳቸው። ዛሬ ያንን ጌጥ አውልቃ በምትኩ ቀለል ያለ ዊንዶው ማኔጀር ልትተክልላቸው ነው።

«እሱ ደሞ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀዋት ነበር ጠዋት።

«መናኸሪያ ውስጥ ተራ አስከባሪ አለ አይደል ጋሼ? መኪና አይነዳም፣ ሰው አያሳፍርም። አንተ እዚህ ቁም፣ አንተ ወደ ኋላ በል፣ አንተ ውጣ ነው ሥራው። ይሄም ስክሪኑ ላይ ለሚከፈቱት መስኮቶች እንደዚያው ነው። አሁን ያለው ተራ አስከባሪ ግን ከአውቶቡሱ የበለጠ ቦታ ይዟል። እኔ ያመጣሁት ቀጭን ነው።»

«ማን ሸጠልሽ?»

«ማንም። የሠሩት ሰዎች ኮዱን፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ማለቴ ነው፣ ክፍት አድርገው ለዓለም ለቀቁት። የፈለገ ይወስዳል፣ የቻለ ያሻሽላል።» ከፍላሿ ውስጥ አንድ ፋይል ከፈተችላቸው። የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ነበር፤ የጃፓን የሚመስል፣ የህንድ፣ የብራዚል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ለምላስ የማይመች። ጋሽ ሰብስቤ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ስም የሚጠሩ ይመስል፣ አንድ በአንድ ጮክ ብለው አነበቡት።

«እነዚህ ሁሉ ያለ ደሞዝ?»

«አብዛኞቹ።»

«ወይ ጉድ! ለማያውቁት ሰው? እግዜር ይስጣቸው!» አሉ ከልባቸው። ይሄን ያህል ሰው፣ ስማቸውን እንኳ ለማያውቅ ለአንድ የአዳማ ጽሕፈት አስተማሪ ደክሟል ብለው ሲያስቡ ደስ አላቸው፤ ትንሽም ሆድ ባሳቸው።

ያ ጠዋት ነው። አሁን አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የማሠልጠኛው ኢንተርኔት ከተቆረጠ ስለቆየ ተገንብቶ ያለቀውን ፕሮግራም ማውረድ አይቻልም፤ ገላኔ ጥሬ ኮዱን ይዛ መጥታ እዚሁ ማሽኑ ላይ ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመገንባት ነው የምትታገለው። የስህተቱን መልእክት በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ስሙት እስቲ ጋሼ። ‹አሁን የፈጠርኩት ፋይል አንቺ ካመጣሽልኝ ይልቅ ያረጀ ነው፤ ሰዓትሽን እዪ› ይላል። ዛሬ የተወለደ ልጅ ከአባቱ ሊበልጥ?» የማሽኑን ቀን ጠየቀችው። 2018 አለ። «አሃ! ይሄ ገና 2018 ላይ ነው። ኮዱ የተጻፈው በ2024። የሰዓቱ ባትሪ ሞቷል ማለት ነው።»

ሁለተኛውን ማሽን አየች፤ እሱም 2018። ሦስተኛውም። ዘመኑን በእኛ የሚቆጥር ሰው እዚህ ላይ ነገሩ ሊገለጥለት ይገባ ነበር። ገላኔ ግን ማሽን ፊት ከተቀመጠች የምታስበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«የሁሉም ሞቷል! አሥር ባትሪ መግዛት አለብኝ። ከተማውን ዞሬ ልፈልግ፣ ሁለት ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው» አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

የጋሽ ሰብስቤ ፊት ተለዋወጠ። ከእንቁጣጣሽ ማግስት ጀምሮ የተደረገውን ያውቃሉ፤ አድራጊው እሳቸው ናቸውና። ሠልጣኞቹ የሚጽፉት ደብዳቤ ላይ ቀኑ በራሱ ጊዜ በፈረንጅ እየወጣ አንጀታቸውን ሲያሳርራቸው፣ አንድ ቀን እጅጌያቸውን ሰብስበው የአሥሩንም ማሽን ዓመተ ምሕረት፣ ወርና ቀን በእኛው አቆጣጠር ሞልተው አረፉ። ሰዓቱንም አልማሩትም። ያን ቀን ትልቅ ቁም ነገር የሠሩ መስሏቸው ነበር።

አሁን ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም። አዲስ ባትሪ ይገባል፣ ሰዓቱ ይስተካከላል፣ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል። አንዲት ፊደል ለሳተ ሠልጣኝ ሙሉ ገጽ የሚያስደግሙ ሰው፣ አሥር ማሽን አበላሹ መባሉ ቀላል አይደለም። ግን ሁለት ሰዓት ይቃጠላል። ገላኔ በሩን ስትከፍት የአዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ ገባ።

«ገላኔ» አሉ። «ባትሪው ደህና ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«እኔ ነኝ። አሥሩንም። በእኛ ዘመን ነው የሞላሁት።»

ገላኔ በሩን እንደያዘች አየቻቸው። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ኧረ ጋሼ! ማሽኖቹን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ወሰዷቸው እኮ!»

«ያገራቸውን ቀን ይወቁ ብዬ ነዋ!»

«ልክ ነዎት፣ ማወቅስ አለባቸው። ውስጥ ውስጡን በፈረንጅ ይቁጠሩ፤ ለደብዳቤው የእኛን ቀን የሚያወጣ ነገር እኔ እሠራልዎታለሁ። ይሄን ስለነገሩኝ ደግሞ ቀኔን አተረፉልኝ።»

አላሳፈረቻቸውም። ጋሽ ሰብስቤ ይሄንን ልብ አሉና በልባቸው መረቋት።

የአሥሩንም ሰዓት አስተካክላ የመጀመሪያውን ማሽን እንደገና አዘዘችው። ማሽኑ በዚህ ጊዜ አልቆመም፤ መስመር በመስመር እየተንደረደረ ወረደ። ገላኔ እየሮጠ የሚያልፈውን ጽሑፍ እያነበበች ነበር፤ እንዴት እንደምትችለው እንጃ። አንድ ቦታ ላይ የጎደለ ነገር አለ ብሎ ሲቆምባት ሳትቆጣ ከፍላሿ አምጥታ ሰጠችው፤ ቀጠለ። ጋሽ ሰብስቤ ብዙ ፈጣን ጸሐፊ አሠልጥነዋል፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከፍጥነት ጋር አንድ ሰው ላይ አላዩም። «አቤት እጅ!» አሉ ሳያስቡት።

ሥራው ሲያልቅ ማሽኑን አጥፍታ አስነሳችው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ምንም የለበትም።

«ሞተ!» አሉ ጋሽ ሰብስቤ።

«አልሞተም። ትዕዛዝዎን እየጠበቀ ነው።» ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫነች። መጻፊያው፣ ያ ምሳ አስበልቶ የሚመልሰው መጻፊያ፣ ዓይን ሳይርገበገብ ተከፈተ። ደግማ ተጫነች፤ ሁለተኛው መስኮት መጣና የመጀመሪያው ራሱ ጠበብ ብሎ ቦታ ለቀቀለት። «ሁሉም በኪቦርድ ነው፤ ማውስ አያስፈልግም። ይሞክሩት።»

ጋሽ ሰብስቤ ማውስ የሚባለውን ነገር ከመጣ ጀምሮ ጠልተውታል። ከኪቦርድ ላይ እጅ ማንሳት ለእሳቸው እንደ ነውር ነው። ተቀመጡና ነካኩት። ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ። «እግዚኦ!» አሉ። «ይሄን የሠራው ሰውዬ ታይፒስት መሆን አለበት!»

ኪዳነወልድ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ገባ፤ የመርዳሳ አይሱዙ ቀድሞ ደርሶ ውጭ ሞተሩን እያንኳኳ ነው። ባዶውን ስክሪን ሲያይ ፊቱ ተኮሳተረ።

«ስዕሎቹ የት ሄዱ? ይሄማ ጭራሽ ባሰበት።»

«አንድ ደብዳቤ በቃልዎ ያስጽፉኝ» አሉ ጋሽ ሰብስቤ።

ኪዳነወልድ እያላገጠ ለአንድ የሌለ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አወረደ፤ ሆን ብሎም አፈጠነው። ጋሽ ሰብስቤ እሱን እሱን እያዩ ጻፉ። ፊደሉ ከጣታቸው እኩል ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ በግራ አዲሱ ማመልከቻ፣ በቀኝ አንድ የድሮ የማመልከቻ ናሙና ጎን ለጎን ቆመዋል። ኪዳነወልድ ማላገጡን አቆመ። ሌላም አወረደ፤ በዚህኛው ቁም ነገሩን ነበር።

«እውነት ለመናገር ጋሽ ሰብስቤ፣ ገርሞኛል» አለ በመጨረሻ። «ግን አንድ ማሽን ነው። ዘጠኙስ? ገላኔ ነገ ሥራዋ ላይ ናት። አንዱ ቀጥ ሲል ማንን ልጥራ?»

ገላኔ አፏን ከፈተች። በየቅዳሜው እመጣለሁ ልትል እንደሆነ ጋሽ ሰብስቤ ገባቸው። የታመመች እናት ቆቃ አለቻት፤ ቅዳሜዋ የእናቷ ነው፤ ያለፈውንም ከእናቷ ቀንሳ ነው የሰጠቻቸው።

«አንቺ ዝም በይ» አሉና ተነሡ። ሁለተኛው ማሽን ጋ ሄደው የሠልጣኙን አግዳሚ ስበው ተቀመጡበት። «አቶ ኪዳነወልድ፣ መኪናው ትንሽ ይታገሥልን። ይሄንን የምጭነው እኔ ነኝ። ካቃተኝ ማሽኖቹን ከነእኔ በኪሎ ይሽጡን።»

ኪዳነወልድ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። «መርዳሳ፣ ሞተሩን አጥፋና ጥላ ውስጥ ግባ!» ብሎ ተጣራ።

ገላኔ ፍላሹን ሰካችላቸው። ልታስጀምራቸው እጇን ወደ ኪቦርዱ ስትልክ ጋሽ ሰብስቤ ቀስ አድርገው መለሱት።

«አትንኪው። አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልሥራ። ብሳሳትም ራሴ ላርመው።»

ገላኔ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «እሺ ጋሼ» አለች። «መጀመሪያ ኮዱን ከፍላሹ ላይ እንገልብጠው።»

ጋሽ ሰብስቤ ጣቶቻቸውን አፍታቱና መጻፍ ጀመሩ።