ከቢዳር ሥር የሚሄደው ውሃ

በዚያ በጋ በደቡብ ሕንድ ባለችው ቢዳር ውስጥ ያሉ ጉድጓዶች ሁሉ ደረቁ። ከከተማችን ሥር የጥንት ሱልጣኖች ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ያስቆፈሩት የውሃ ቦይ አለ፤ በእኛ ሰፈር በኩል ግን ውሃ ካየ ቆይቷል። የከተማው ውሃ መሐንዲስ ባሳቫራጅ ወደ ቦዩ የሚያስገባውን መውረጃ ጉድጓድ በሲሚንቶ ሊደፍን መጣ።

አጎቴ ጋውስ ከዘራውን ይዞ መውረጃው አፍ ላይ ቆመ። አባቶቹ ያንን ቦይ ሲጠርጉ የኖሩ ናቸው።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የሞተ ነገር ነው፤ ልጆች ይገቡበታል» አለው መሐንዲሱ።

«አልሞተም፣ ታንቆ ነው። አንድ ሳምንት ስጠኝ።»

«ማን ሊወርድልዎት? እርስዎ እንደሆን ደረጃም አይወጡ።»

አጎቴ ዞሮ እኔን አየኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከቤተሰቡ ቀጭኗም እኔው ነኝ። መሐንዲሱ ሁለታችንንም አየና «እሺ፣ አንድ ሳምንት» ብሎ ሄደ።

ባሌ ይህን ሲሰማ «ናስሪን፣ ከመርፌ የከበደ ነገር አንስተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አንተን ተሸክሜ ስንት ዓመቴ!»

ስቆ የምወርድበትን ገመድ ራሱ ያዘልኝ።

ከሁለት የአክስቴ ልጆች ጋር አምስት ቀን ሙሉ ጭቃ፣ ላስቲክና የሸክላ ስብርባሪ በቅርጫት አወጣን። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ኋላ ግድግዳውን በባትሪ ሳይ የዶማው ምት ትናንት ያረፈ ይመስላል። በየጥቂት እርምጃው የኩራዝ ማስቀመጫ ተቦርብሯል፤ አንዱን ብዳብሰው ጣቴ ጥቀርሻ ያዘ። ማን እንዳበራው አላውቅም። ከእኛው ሰዎች አንዱ ይሆናል ብዬ ሳስብ ግን ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

በስድስተኛው ቀን ቦዩን የዘጋውን የዛፍ ሥር ቆርጬ ስጎትት ውሃው እግሬን ነካኝ። ያን ቀን እንደ ሻይ ቀልቶ ወረደ፤ በማግስቱ ጠራ። ሰፈሩ በሙሉ እንስራና ባልዲውን ይዞ ተሰለፈ።

ባሳቫራጅም መጥቶ በእፍኙ ጠጣ። ከዚያ ሠራተኞቹን ሲሚንቶውን እንዲመልሱ አዘዛቸው፤ ለመውረጃውም የብረት በር አሠራለታለሁ አለ።

«የእናንተ ቧንቧ ስንት ዓመቱ ነው?» አለው አጎቴ።

«አሥራ ሁለት።»

«ገና ሕፃን ነዋ። አይዞህ፣ ያድጋል።»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፤ መሐንዲሱም አብሮ ሳቀ። አጎቴ እጄን ይዞ ወደ ሰዉ አዞረኝና «ይቺ የቦይ ጠራጊዎቹ ልጅ ናት» አለ። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ። ልታጠብ አልቸኮልኩም።