የእናቴ ሦስተኛ ፈተና

እሺ በቃ ልንገራችሁ፣ ካልተናገርኩ ልፈነዳ ነው። እናቴ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን በገባን በአራተኛው ዓመት፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለስደተኞች የሚሰጠውን እንግሊዝኛ፣ ያውም አንደኛ ደረጃውን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀች። ያስጠናኋት እኮ እኔ ነኝ። ሳህን ስናጥብ፣ ልብስ ስናሰጣ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሰው እያየን። ቤት ስጠይቃት ደግሞ ሁሉንም ትመልሳለች፣ ስሞት እውነቴን ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ለደም ግፊቷ ክሊኒክ ስትሄድ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ሰባት ሰባት ሆነን የምንጫወተው፣ ቅርጫት ኳስ መሰሉ የኔትቦል ልምምዳችንም ማክሰኞ ነው። አሠልጣኛችን አንድ ማክሰኞ ደግመሽ ብትቀሪ ቦታሽን ለሌላ እሰጠዋለሁ ብላኛለች። እናቴ ካለፈች ግን ራሷ ታወራለች፣ እኔ እጫወታለሁ። ተስፋዬ በሙሉ እሱ ነበር።

ቅዳሜ መነጽሬን አምጪልኝ ብላኝ ቦርሳዋን ስከፍት የፈተና ወረቀቷን አገኘሁት። ብርሃን ላይ ሳየው፣ ከእያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ ሥር ትክክለኛው በላጲስ ጠፍቶ ይታያል። ሁሉም። በትክክል ጽፋ፣ አጥፍታ፣ ስህተት ጽፋበታለች።

ወስጄ ሙቀጫው አጠገብ አስቀመጥኩላት። የካሳቫ ቅጠሉን መውቀጥ እንኳ አላቆመችም።

«ማማ ሲፋ እኮ ወደቀች» አለችኝ። «እሷን ጥዬ ልለፍ?»

ማማ ሲፋ ከኮንጎ፣ ከቡካቩ ጀምሮ አንድ መኪና ላይ አብራት የመጣች፣ እንግሊዝኛውንም አብራት የምትማር ጓደኛዋ ናት። ሁለተኛ ደረጃው የሚሰጠው ደግሞ ሌላ ሰፈር ነው፣ ካለፈች ይለያያሉ።

«እኔስ እማ? ቡድኔስ?»

«ኳስ ነው ልጄ። ይደርሳል።»

ይደርሳል አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስለፍታኝ፣ ሦስት ጊዜ አይዞሽ አስብላኝ።

ሰኞ ወረቀቱን ይዤ ከትምህርት ቤት በቀጥታ አዳራሹ ሄጄ፣ እናቴና ማማ ሲፋ ክፍል ተቀምጠው ሳለ ለመምህሯ ለሚስ ኖምፉንዶ ሰጠኋት። ምን እየሠራሁ እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም። መምህሯ ብርሃን ላይ አየችውና እዚያው ማማ ሲፋ ፊት እናቴን፣ አልፈሻል፣ ከነገ ወዲያ ሁለተኛ ደረጃ ትጀምሪያለሽ አለቻት። ማማ ሲፋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«ለካ ስታዝኚልኝ ነው የከረምሽው» አለችና ደብተሯን ይዛ ወጣች። እናቴ ተከትላት ልትወጣ ተነሥታ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

ማክሰኞ ተጫወትኩ። ከሚሰለፉት ሰባቱ ውስጥ ገባሁ፣ እየጮህን ተቃቀፍን። እናቴ ክሊኒክ ብቻዋን ሄደች።

ቤት ስገባ ሻሿን እየፈታች ነበር። ሐኪሙ ምን አለሽ ብዬ በቤታችን ቋንቋ፣ በስዋሂሊ ጠየቅኳት።

በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። ቀስ ብላ፣ አንድም ሳትሳሳት፣ ክሊኒኩ መስኮት ላይ ካርድ ለምታወጣው፣ ለማታውቃት ሴትዮ እንደምትናገረው።