እሷ ብታያት ምን ትላለች

ወፍራሙ ጎረቤት የተቀመጡበት የፕላስቲክ ወንበር እግሮቹ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ሲከፈቱ ስታይ ሴትዮዋ ከቦታዋ ተነሣች። ሌላ ወንበር አምጥታ በላዩ ደረበችበትና ቀና ብለው እንደገና እንዲቀመጡ አደረገች። አጥንት ቢሰበር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው አለቻቸው። ሰውየው ሊያጽናኗት የጀመሩትን ንግግር ረስተው እያመሰገኑ ተቀመጡ።

በግቢው የነበሩት ለቀስተኞች ተያዩ። ባሏ ከተቀበረ ገና ጥቂት ቀኑ ነው። እሷ ግን የቡናው ፔርሙስ ከጠረጴዛው ጫፍ በተጠጋ ቁጥር ወደ መሃል ትገፋዋለች፣ ሕፃን ታቅፋ የመጣችውን ሴት ከመስኮቱ ሥር አስነሥታ ሌላ ቦታ ታስቀምጣለች፣ ተሰናብቶ የሚወጣውንም ሰው በጠራራ ፀሐይ ግራ ቀኝ አይተህ ተሻገር ብላ ትሸኛለች። ሐዘኑ ይቀይራታል ብለው የጠበቁ ነበሩ፤ አልቀየራትም።

ከአጥሩ ሥር በሸራ የተሸፈነች መኪና ቆማለች። ወንበሮቹ ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ነው የተደረደሩት፤ እንዲህ አድርጉ ያለ ሰው ግን አልነበረም። ፊቷን ወደ መኪናዋ አዙራ የተቀመጠችው የሟች ታላቅ እህት ብቻ ናት።

"ወንድሜን የጨረሰችው ይቺ ናት" አለች እህቲቱ፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም። "ስትቀጠቀጥ የኖረችው እሷ፣ የሄደው እሱ።"

 ገዳይ ፈልጊ ቢሏት ሚስትየውም መጀመሪያ የምትጠረጥረው መኪናዋን ነበር።

ባሏ ባትላሜራ ነበር። የተጨረመተ የመኪና አካል በመዶሻ አቃንቶ አዲስ ያስመስለዋል፤ ሰፈሩም በስሙ ሳይሆን "መዶሻ" እያለ ነበር የሚጠራው። እሷ በትዳር ዘመኗ ሁሉ አሟሟቱን በሐሳቧ ስታይ ነው የኖረችው። አንድ ቀን ክሪኩ ያመልጥና መኪና ይወድቅበታል፣ አንድ ቀን የብየዳው ጋዝ ይፈነዳበታል፣ አንድ ቀን ጭነት መኪና መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። እሱ ግን ምሳውን በልቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ ሄደ። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ያንን ሶፋ ፈርታው አታውቅም ነበር።

በሸራው ሥር ያለችው "ክፍቷ" ናት። ድሮ በር የሌላት፣ ጣሪያ የሌላት፣ የፊት መስታወቷ ወደ ኮፈኑ የሚታጠፍ ትንሽ መኪና ነበረች። መሬት ለኪዎችና የእርሻ ሰዎች ይነዷት ነበር፤ ሙሽራም ተጭኖባታል፣ ጥጃም ተጭኖባታል። የሚሠራት ፋብሪካ ከተዘጋ በኋላ ያሉትንም አንድ በአንድ ዝገት በላቸው። መዶሻ ከአንድ እርሻ ጓሮ ዶሮ የሚያድርባትን አንዷን ገዝቶ መጣ። አካሏን ፈታትቶ በእያንዳንዱ ቁራጭ ልክ የእንጨት ቅርጽ አስጠረበ፤ አዲስ ላሜራ በቅርጹ ላይ እየቀጠቀጠም እንደገና ሠራት። በድሮው ሞተር ቦታ ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ገባ። ሽቦዋን በሙሉ የዘረጋችው ልጃቸው ናት።

ጡረታ የወጡ አንድ መሬት ለኪ ሊያለቅሱ መጥተው ከወንበራቸው ተነሡና ወደ አጥሩ ሄዱ። የሸራውን ጫፍ ገለጥ አድርገው መሪዋን ጨበጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ሟች ባለቤታቸውን መጀመሪያ ያስቀመጧት ከጎናቸው፣ በእንዲህ ዓይነቷ መኪና እንደነበር ነገሯት። "ባልሽ መኪና ብቻ አይደለም ያስነሣው" አሏት። "እንደው ቃሉም የለኝ፣ ተባረኩ ብቻ።"

ከሰዓት በኋላ የባሏ የጋራዥ ሸሪክ መጣ። ቀለም ቀቢ ነው፤ ከጥፍሩ ሥር ቀለም ስለማይጠፋ "ቬርኒሽ" ይሉታል። አጠገቧ ተቀምጦ የተሰጠውን ቡና ሳይጠጣ ስኒውን ሲያዞር ቆየ። ነገሩን ከብዙ ማመንታት በኋላ ነው ያወጣው። የክፍቷ የመንገድ ፈቃድ ፈተና ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው። ካመለጠ ሌላ ተራ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም፤ ለጎብኚዎቹ መኪና ያዘዘው ፓርክም ከዚህ በላይ አልታገሥም ብሏል። ፓርኩ ትቷቸው ከሄደ ጋራዡ ይዘጋል። በፈተናው ዳገትና ቁልቁለት ላይ የሚነዳት ሰው ያስፈልጋል። ጠባይዋን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛውን ቀብረውታል።

"ልጄን ነው የምትጠይቀኝ" አለችው።

"እሷ ፈቃደኛ ናት። እናቴ ካልፈቀደች ግን መሪውን አልነካም ነው የምትለው።"

"እንግዲያው አትነካም። አንድ ሰው ሰጥቻለሁ፣ ይበቃል።"

ቬርኒሽ አልተከራከራትም። የቀዘቀዘውን ቡና ጠጥቶ፣ አይዞሽ ብሎ ሄደ።

ብቻዋን ስትቀር የመጀመሪያዋ ክፍት መኪና ትዝ አለቻት። እሷ ተማሪ ናት፣ መዶሻ ገና የእጅ ሥራ የሚለምድ ጎረምሳ። ከትምህርት ቤት ቤቷ ሊያደርሳት ለጥገና የመጣች መኪና ለአንድ ሰዓት ተውሶ መጣ። ተሳፍራ መንገዱን ሁሉ የወንበሩን ጠርዝ አንቃ ይዛ ሄደች። ኩርባው ላይ ሻሽዋ በረረ። ብወድቅስ አለችው፤ ሳቀ። በማግሥቱ ያችኑ መኪና ይዞ ሲመጣ ከወንበሯ ፊት ለፊት ከውሃ ቧንቧ የታጠፈ መያዣ በብሎን ታስሮ አገኘችው። "አሁንስ?" አላት። ልቧ የሄደው ያን ጊዜ ነው።

ከተጋቡ በኋላ ደግሞ እራት ላይ መጠየቅ ልማዱ ሆነ፤ ዛሬ ምን አስፈራሽ ይላታል። እሷም ከልቧ ትነግረዋለች። እሱ ፈገግ ብሎ ይጎርሳል። ቀልድ ይመስላት ነበር። አንዳንድ ቀን ይከፋታል፤ ለባሏም ለልጇም ሸክም እንደሆነች፣ በፍርሃቷ የቤቱን አየር እንደምትዘጋ ታስባለች። አሁን ይህን የሚጠይቃት ሰው የለም።

ልጅቷ ወጥ ቤት ስኒ ታጥባለች። እናትየው ከጎኗ ቆማ ማድረቅ ጀመረች። 

"እንቢ ያልኩት ስለምጠላሽ አይደለም" አለቻት።

"አውቃለሁ፣ እማ።"

"አባትሽ ቢኖር እሱ ይነዳት ነበር። አንቺ ከዳር ቆመሽ ታዪ ነበር።"

ልጅቷ ስኒውን ማጠቧን አቁማ የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። እናትየው ይህን ሳታይ አላለፈችም፤ የባሰ ነገር እንዳለ ወዲያው ጠረጠረች፤ ግን ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራች።

በማግሥቱ የጋራዡ ሰዎች ሁሉም መጡ። ቬርኒሽ፣ በያጁ፣ የመኪና ወንበር የምትሰፋው ሴትዮ። ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ስለ ፈተናው አንድም ቃል አላነሡም፤ የሚያወሩት ስለ መዶሻ ነው። ሥራ ሲያምርለት መዶሻውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ይዞር እንደነበር፣ ቀለሙ ሲበላሽ ቬርኒሽን ሳይቆጣ ምሳ ይጋብዘው እንደነበር ተረኩላት። ሰዎቹ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች፤ ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

በያጁ ስኒውን አስቀመጠ። "አንድ ሥራ ስንጨርስ ሁላችንም ቆመን መኪናዋን እናያታለን" አለ። "ከዚያ መዶሻ፣ እሷ ብታያት ምን ትላለች ይላል። የምትለው ነገር ካጣን ነው እጃችንን የምንታጠበው።"

"እሷ ማን ናት?"

"አንቺ ነሻ፣ እቴ።"

ከዚያ አንዱ ከአንዱ እየተቀበለ ነገሯት። መዶሻ ማታ የፈራችውን ጠዋት ከሻይ ጋር ይዞላቸው ይመጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ከሌላት ሕፃን እንዴት ይሰማታል ብላ ነበር፤ ከፊት ለፊት ቀስ ብላ የምታንጎራጉር ድምፅ ማውጫ ተገጠመላት። ዝናብ ቢወርድ ባትሪው ሥር ውሃ ይተኛል ብላ ነበር፤ ወለሉ ተበስቶ ውሃው መውጫ አገኘ፣ ባትሪውም ከፍ ብሎ በጎማ ታሸገ። ብትገለበጥ ጣሪያ የላት ምን ያድናቸዋል ብላ አንድ ሳምንት ሙሉ እራት አላስበላ ብላው ነበር፤ ከወንበሮቹ ኋላ ወፍራም ብረት እንደ ቀስተ ደመና ቆመ። ያንን ብረት ጋራዡ ውስጥ "እመቤቲቱ" ነው የሚሉት።

ፊቷ ጋለ። "ስትስቁብኝ ነበራ።"

"መጀመሪያ ላይ አዎ" አለ ቬርኒሽ። "አልዋሽሽም። እኔ ራሴ አንቺን እየሆንኩ አስቃቸው ነበር። ከዳገቱ በኋላ ግን የሳቀ የለም።"

"የቱ ዳገት?"

ሰፊዋ ሴትዮ አጎነበሰች። ቬርኒሽ ያመለጠውን ቃል ሊመልሰው የፈለገ ይመስል አፉን ያዘ። ልጅቷ ትሪውን አስቀምጣ ከእናቷ ፊት ቁጢጥ አለች።

"ተገልብጠን ነበር፣ እማ። እኔና አባዬ።"

ቀስ ብላ ነገረቻት። ለሙከራ ወጥተው የመንገዱ ጠርዝ በዝናብ ርሶ ኖሮ ከሥራቸው ተናደ። ክፍቷ ጎማዋን ወደ ሰማይ አድርጋ ገደል ውስጥ ቆመች። ብረቱ መሬት ነክሶ ያዛት። ሁለቱም በቀበቶ ተንጠልጥለው ቀሩ፤ ጭረት እንኳ አላገኛቸውም።

"አባዬ መጀመሪያ አለሽ ወይ አለኝ። አለሁ ስለው እዚያው ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሳቅ ጀመረ። 'እናትሽ አወጣችን' አለኝ። ከዚያ ደግሞ እንዳትነግሪያት፣ እንቅልፍ ታጣለች አለ። ቤት ስንገባ ደጋግሞ ሲስምሽ ትዝ አይልሽም? ምን ሆነሃል ብለሽ ግንባሩን ለትኩሳት ዳሰስሽው።"

ትዝ ይላታል። ያኔ ደግሞ ወባ መስሏት ነበር።

ብድግ ብላ ወደ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች። የሞተ ሰው ላይ መጮህ ቢቻል ኖሮ ትጮህ ነበር። ልጄን ይዘህ ገደል ገብተህ፣ መጥተህ ደግሞ አጠገቤ እንቅልፍህን ትተኛለህ? የእሱን ትራስ አንሥታ አልጋው ላይ ወረወረችው። ከዚያ መልሳ አነሣችው። ትራሱን እንደያዘች ሌላው ነገር ቀስ ብሎ ደረሰባት። ስትነግረው የሰማው ሁሉ አልወደቀም። በየማታው የዘረገፈችውን ፍርሃት ሰብስቦ፣ እንደ ስንቅ ይዞ ወጥቶ፣ ብረት አድርጎታል። ልጇ አሁን ውጭ ስኒ የምትሰበስበው በዚያ ብረት ተርፋ ነው። ተመስገን አለች፤ መጀመሪያ ለፈጣሪ፣ ቀጥላም ለባሏ፣ በስሙ ጠርታ።

ስትወጣ የባሏ እህት ከወንበሯ የለችም። ሸራውን ገልጣ፣ ከመኪናዋ ኋላ ቆማ፣ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች።  ስትረግም የከረመችበትን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍናዋለች።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ቬርኒሽና ባልደረቦቹ ፈተናው የቀረ መስሏቸው ለመሰናበት ያህል በግቢው በር ብቅ ሲሉ ሴትዮዋን ከመኪናዋ አጠገብ ቆማ አገኟት። ሸራው ተጣጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

"እስኪ መጀመሪያ እኔ ልያት" አለች።

ልጅቷ እናቷን አየች፣ ከዚያ ሰዎቹን አየች፤ መሪው ፊት ወጥታ ተቀመጠች። ማንም አልሳቀም። ሴትዮዋ መኪናዋን እየዞረች ጠየቀች፣ እነሱም እንደ ፈታኝ ፊት እንደቆመ ሰው መለሱ። ዳገት ላይ ብትቆም ወደ ኋላ አትንሸራተትም ወይ? አትንሸራተትም፣ ፍሬኑ ራሱ ይይዛታል። ባትሪው መሃል መንገድ ቢያልቅስ? ከማለቁ በፊት ትጮሃለች። ኮፈኑ በንፋስ ቢነሣስ? ሁለት መቆለፊያ አለው። ላሳይሽ አለ በያጁ፤ አሳየኝ አለችው፤ አሳያት።

በሩ መሆን በነበረበት ክፍት ቦታ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብላ የላሜራውን ጠርዝ አየች።

"ሰው ሲገባና ሲወጣ እጁን የሚያሳርፈው እዚህ ነው" አለች። "ላሜራ ደግሞ ቢላ ነው። እጅ ይቆርጣል።"

ሦስቱ ተያዩ። ቬርኒሽ ቀረብ አለ። "ይህን ነግረሽው ታውቂያለሽ?"

"አልነገርኩትም። አሁን ነው ያየሁት።"

"እኛም አላልነውም። ሁላችንም ወደ ቤት ስንሄድ እሱ ብቻውን ይቀር ነበር። ምን ትሠራለህ ስንለው፣ ገና ያላለችው አንድ ነገር አለ፣ ሳትለው ልቅደማት ይለናል።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እጅሽን አሳልፊበት።"

መዳፏን እየፈራች አስቀመጠችው። ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ተጠቅልሎ፣ በሞረድ ልሟል፤ እንደ ጆሮ ጫፍ ለስላሳ ነው። ቀስ ብላ ጎተተችው፤ እጇን የያዘባት ነገር የለም። ከወንበሩ ጎን አልፋ ወደ ኋላ ሄደች፤ ከኋላ ዞራ በሌላው ጎን መጣች፤ ከመስታወቱ ሥር አለፈች፤ ከጀመረችበት ደረሰች። አንድም ቦታ አልቆረጣትም።

በያጁ ሰዓቱን አየ። ቬርኒሽ ክንዱን ያዘው።

መዳፏን አላነሣችም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ መዞር ያዘች፤ አሁን ጉድለት እየፈለገች አይደለም። ልጅቷ እጇን ከቁልፉ ላይ አንሥታ ጠበቀቻት።