ለእንግዳ የማይቀርብ ውሃ

ወንድሜ ኔቪል በእንግዳ ፊት ታሞ አያውቅም። በሩ ከተንኳኳ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ይከታል፣ ፀጉሩን በመዳፉ ይጫናል፣ ፈገግ ይላል። «እንዴት ነህ?» ያሉት እንደሆነ «ምንም አይል፣ ደህና ነኝ፤ እናንተስ?» ነው መልሱ። የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማችን ፍሊትዉድ ውስጥ ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ነው። እግሩ የተሰበረም ይለዋል፣ ሚስቱ ጥላው የሄደችም ይለዋል። ጎረቤታችን የነበረው ዓሣ አጥማጅ አልፍ በቃሬዛ ሲወጣ እንኳ ለአምቡላንስ ሠራተኞቹ «ምንም አይል» ብሏቸው ነው መንገድ ላይ የሞተው።

እንግዳው ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ግን ኔቪል ያው ኔቪል ነበር። ስኪዞፍሬንያ የያዘው ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ነው። ድምፆቹ የሚኖሩት ቧንቧ ውስጥ ነበር። የእኛም የጎረቤትም ቧንቧ ሁሉ የእነሱ ነው፤ ውሃው ውስጥም አንዳች ነገር ይጨምሩበታል። ስለዚህ የወጥ ቤቱን ቧንቧ በፕላስተር ጠቅልሎ ዘግቶታል። የሚጠጣው የታሸገ ውሃ ብቻ ነው፤ ክዳኑን ራሱ ካልከፈተው ደግሞ አይነካውም። ጠርሙሶቹን አልጋው ሥር ይደረድራል። ምግብ የሚባለው ከቆርቆሮ በማንኪያ የሚበላ ቀዝቃዛ ባቄላ ነው። ገላውን የሚታጠበው እኔ ስሄድ ብቻ ነው፤ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጪ ቆሜ ሳላቋርጥ አወራለታለሁ፣ ድምፄ የቧንቧውን ሰዎች እንዲሸፍናቸው። ወሬው ደግሞ የእግር ኳስ እንዲሆን ይፈልጋል። እኔ ስለ እግር ኳስ የማውቀው ኳሱ ክብ መሆኑን ነው።

«ብሬንዳ፣ ያ ሰውዬ እኮ በረኛ ነው» ይለኛል ከውስጥ፣ ሳሙናው አፉ እየገባ። «እንዴት ብሎ ነው በቴስታ ያገባው?»

እንዲህም ሆኖ በሰላም እንኖር ነበር፤ ድምፆቹን የሚያበርድለት መርፌ ስላለ። መርፌውን የሚወጋው ብላክፑል ከተማ ያለ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ትራም ላይ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ሮኒ የሚባል ሬዲዮ የማይከፍት፣ ወሬም የማያበዛ ታክሲ ነጂ ነበር የሚያመላልሰው። የሮኒ ሒሳብ የሚከፈለው መንግሥት ለኔቪል በሕመሙ ከሚሰጠው የጉዳት አበል ነው። አበሉ ከቆመ ታክሲው ይቆማል፣ ታክሲው ከቆመ መርፌው ይቆማል። መርፌው ሲቆም ምን እንደሚመጣ አንድ ክረምት አይተነዋል፤ ፖሊሶች ያገኙት ባሕሩ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ነበር። ስሙን ሲጠይቁት እየተንቀጠቀጠ ነገራቸውና «እናንተስ ደህና ናችሁ?» አላቸው።

አበሉ እንደገና ይታያል፣ ገምጋሚ ቤቱ ድረስ ትመጣለች የተባለ ጊዜ እንቅልፍ አጣሁ። ነፃ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ዘንድ ሄጄ ጠየቅኩ። ሰውየው መከረኝ፦ ቤቱን እንዳለ ተዉት፣ ስለ ጥሩው ቀን ሳይሆን ስለ ክፉው ቀን ይንገራት። ይህንኑ ለኔቪል አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝና፣ «ሴትየዋ ከየት ነው የምትመጣው?» አለኝ።

«ከፕሬስተን መሰለኝ።»

«ከፕሬስተን ድረስ መጥታ እኔ ክፉ ቀኔን ላቅርብላት? ብስኩት ነው የሚቀርበው።»

«ኔቪል፣ ጨዋታ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «የቸኮሌቱን ነው ወይስ ተራውን?»

ለክፋቱ እኔ የፈራሁት ኔቪልን ብቻ ነበር። አክስት ዊኒን ረስቻት ነበር።

አክስት ዊኒ የእናታችን እህት ናት፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችን እሷ ናት፣ ከኔቪል ቤት ትይዩ ነው የምትኖረው። ሰማንያ አልፏት እንኳ የበሯን ደረጃ ሳትፈገፍግ ቁርስ አትበላም። በግምገማው ዕለት ጠዋት ስደርስ ሽታው ከደጅ ተቀበለኝ፤ በረኪና። ስገባ ቤቱን አላወቅኩትም። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ የለም፣ የባቄላው ቆርቆሮ ክምር የለም፣ ቧንቧው ላይ የነበረው ፕላስተር ተልጦ ቧንቧው ያብለጨልጫል። ጠረጴዛው ላይ የዊኒ የሠርግ ስኒዎች፣ ባለ ወርቅ ጠርዞቹ፣ ተደርድረዋል። እሷ ራሷ ተንበርክካ ወለሉን ትፈገፍጋለች።

ምን አደረግሽ አልኳት፤ ቤቱ እንዳለ እንዲታይ ተመክሬ እንደነበር ነገርኳት። ቀና እንኳ አላለችም።

«የመንግሥት ሴት የእህቴ ልጅ ቤት ገብታ ያንን ጉድ ታያለች? እኔ በሕይወት እያለሁ?»

«እኮ ጉዱን እንድታይ ነው የምትመጣው፣ አክስቴ።»

«ሌላ ቤት ትይ» አለችኝ። «ጉድ የሞላበት ቤት መች ጠፋ። ጎረቤታችን ማጊ ዘንድ ትሂድ።»

ያን ጊዜ ኔቪል ከመኝታ ቤት ብቅ አለ። ተላጭቷል። የአጎታችን ቀብር ላይ የለበሰውን ጥቁር ሱፍ ለብሷል፣ ከረባት አስሯል። እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም፤ ባንክ ቢገባ ብድር ይሰጡት ነበር። ቧንቧውን ባየ ጊዜ ፊቱ ነጣ። ከዚያ ሁለታችንንም አየን፤ ወንበሩን ከወጥ ቤቱ አርቆ ተቀመጠ።

ገምጋሚዋ ሚስ ፔንድልበሪ ትባላለች፤ ድሮ ነርስ የነበረች፣ ጫማዋን በር ላይ ልታወልቅ የፈለገች ጨዋ ሴት። ዊኒ አላስወለቀቻትም፤ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደደቻት። ሴትየዋ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ከፍታ ጀመረች።

«አቶ ኔቪል፣ እንዴት ነዎት?»

«ምንም አይል፣ ደህና ነኝ፤ እርስዎስ? መንገዱ አልከበደዎትም?»

ጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ።

ምግብ ማብሰል ይችሉ እንደሆነ ጠየቀችው። አዎ፣ አንድ ጊዜ ለገና ዳክዬ ጠብሻለሁ አላት። እውነት ነው፣ ጠብሷል፤ ትምህርት ቤት እያለ። ዊኒ ጣልቃ ገብታ እጁ ሙያ አለው አለች። ገላዎን ያለ ሰው እርዳታ ይታጠባሉ ወይ ስትለው ወደ ዊኒ አየ፣ በየቀኑ አለ። ከሰው ጋር መቀላቀልስ? ሰው እወዳለሁ አለ። ይህም እውነት ነበር፤ ይወድ ነበር፣ ከሩቅ። እኔ እንዲህ አይደለም፣ ትራም እንኳ አይሳፈርም ስል ዊኒ ትራሙ ራሱ ንፋስ ያስገባል አለች። ሚስ ፔንድልበሪ ሁላችንንም እያየች ትጽፋለች። እኔ የሚታየኝ ግን ሮኒ ታክሲውን አዙሮ ሲሄድ፣ ኔቪልም በዚያው ሱፍ ባሕሩ ውስጥ ሲገባ ነው።

«እናንተ ሰዎች፣ ሻይ ይቅረብ» አለች ዊኒ፣ ነገሩ በጥሩ ሁኔታ ያለቀ መስሏት። ቅጠል አብዝታ ያጠቆረችውን ሻይ በሠርግ ስኒዋ ቀድታ ለእንግዳዋ ሰጠች። ለኔቪልም ሰጠች።

ሚስ ፔንድልበሪ ስኒውን አንስታ ወደ አፏ አስጠጋች።

ኔቪል ተነሣ። ስኒውን ከእጇ ላይ ቀስ ብሎ፣ አንድ ጠብታ ሳያፈስ፣ ወሰደው።

«ይቅርታ፣ የኔ እህት» አላት። «ይህን አይጠጡት። ጥሩ አይደለም። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም እል ነበር፤ እርስዎ ግን እንግዳ ነዎት።»

ወደ መኝታ ቤት ገብቶ የታሸገ ውሃ ይዞ ተመለሰ። እሽጉ እንዳልተነካ አሳያት፤ ራሷ እንድትከፍተው ሰጣት። ክዳኑ ጠቅ ሲል ጆሮውን ጣል አድርጎ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። ሴትየዋ አልሳቀችም። ጠጣች፣ አመሰገነችው፣ ከዚያም ኮምፒውተሯን ወደ ጎን አድርጋ ውሃው ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

ነገራት። ስለ ሕመሙ እየተናገረ አልነበረም፤ እንግዳዋ ፕሬስተን እስክትደርስ እንዳትጎዳ እያስጠነቀቃት ነበር። የትኛው ቧንቧ እንደሚብስ፣ በስንት ሰዓት ድምፃቸው እንደሚበረታ፣ ለምን ምድጃ እንደማያበራ፣ ባቄላውን ለምን ሳያሞቅ እንደሚበላ አንድ በአንድ ነገራት። ሻወር ላይ መጠንቀቅ እንዳለባትም መከራት። «እህቴ በር ላይ ቆማ ታወራልኛለች» አላት። «እንዲህ ዓይነት ሰው አለዎት? ስለ ኳስ ባያውቅም ችግር የለውም። ብሬንዳም ምንም አታውቅም።»

ዊኒ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማለች።

«አንተ ልጅ» አለችው። «እኔ ቤት ግን ትጠጣለህ። በየእሑዱ ትጠጣለህ። አንድ ቀን ስኒህ ውስጥ አስቀርተህ አታውቅም።»

ኔቪል ጫማውን አየ። ይህን ሊነግራት አልፈለገም ነበር፤ አሁንም ቢሆን እንግዳ ባይኖር አይነግራትም ነበር።

«አበባው ነው» አላት።

«የቱ አበባ?»

«መስኮቱ ላይ ያለው ጀራንየም። ወደ ወጥ ቤት ስትገቢ ለሱ እሰጠዋለሁ።» ከዚያ ወደ ሚስ ፔንድልበሪ ዞሮ እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ አስረዳት። «ሁለቱ ሞተዋል። ይህ ሦስተኛው ጠንካራ ነው፤ እሱም ቢሆን መልኩ ጥሩ አይደለም።»

«አበባ የሚሸጠውን ሰውዬ እኮ ገበያ መሃል ሌባ ብዬዋለሁ!» አለች ዊኒ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ትከሻዋ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ቀና ስትል እየሳቀች ነበር፣ ዓይኗ ግን እርጥብ ነው። ያን ሁሉ ዓመት እሷን ላለማስቀየም ሲል ተጠምቶ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ትንሽ ቆይታ በራሷ አንደበት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለሚስ ፔንድልበሪ ነገረቻት፦ ቤቱ እንዲህ አይደለም፤ ጠዋት እኔ ነኝ ያጸዳሁት፤ ፕላስተሩም ጋዜጣውም እዚያ ባልዲ ውስጥ ናቸው፣ ይዩአቸው። ሴትየዋ ተነሥታ ባልዲውን አየች።

አበሉ አልተነካም። ሮኒም መምጣቱን አላቆመም። ውሳኔው እንደደረሰን ኔቪል የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሚስ ፔንድልበሪ በደህና ቤቷ ገብታ እንደሆነ።

በሚቀጥለው እሑድ ዊኒ አዲስ ማንቆርቆሪያ ገዝታ ጠበቀችው፣ ከጎኑ የታሸገ ውሃ። ኔቪል እሽጉን ከፈተ፣ ጠቅ አለ፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ራሱ ቀዳ፣ ውሃው ፈላ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያውን የዊኒ ሻይ ጠጣ። አፉ ውስጥ ያዝ አድርጎ ቆየና ዋጠው።

«አክስቴ፣ ሻይሽ ግን ሁሌም እንዲህ መራራ ነው?»

«ሁሌም» አልኩት እኔ።

«ምስኪን አበባ» አለ።

ኔቪል ባለፈው መኸር ሞተ፤ ልቡ ነው፣ ተኝቶ እያለ፣ ማንንም ሳያስቸግር። ከቀብር ስንመለስ ሰው ሁሉ ዊኒ ቤት ገባ። ወጥ ቤቷ ውስጥ የታሸጉ ውሃዎች ተደርድረዋል። ፎቶውን ማቀዝቀዣው ላይ አቁማዋለች፤ እያንዳንዱን ጠርሙስ ወደ ፎቶው አዙራ ነበር የምትከፍተው። ቄሱ ቧንቧው ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቋት።

«ቧንቧው ደህና ነው» አለቻቸው። «እንግዶቹ ግን የኔቪል ናቸው።»

ስኒዬን ይዤ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፤ ኔቪል ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ሻይዋ ያው መራራ ነው። ጀራንየሙ ክንዴ አጠገብ ነበር፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለምልሞ ቀይ አበባ አውጥቷል። ወደ ወጥ ቤቱ ገልመጥ አልኩ። ዊኒ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር።

«ብሬንዳ» አለችኝ ሳትዞር፣ «አበባዬን እንዳትነኪ።»

ጠጣሁት።