ነፍሱን ይማረውና

እኔ ምራት ነኝ፤ የዚህን ቤት ውሸት አግብቼ ነው ያገኘሁት። የባለቤቴ የስለሺ ታላቅ ወንድም እንዳልክ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ናቪጌተር፣ የበረራ አቅጣጫ መሪ፣ ነበር። በሶማሊያው ጦርነት፣ ገና በሃያ አራት ዓመቱ፣ አውሮፕላኑ ኦጋዴን ላይ ተመትቶ ሞተ። እናቱ እማማ ዓለምነሽ ያኔ በጠና ታመው ስለነበር አባትየው መርዶውን ከለከሉ። «ተማርኳል» ተባሉ። ምርኮኞቹ ሲመለሱ ደግሞ «ወደ ሌላ አገር ተሻግሯል» ሆነ። አባትየው ሲሞቱ ውሸቱን ለስለሺ አወረሱት። ንገራቸው ብዬ ስንቴ ተጣላሁት! «ትሞትብኛለች» ይላል።

በ2007፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አቶ ይመርን በመኪናችን ይዘናቸው ሄድን። እኛ ወደምንኖርባት ወደ አሜሪካዋ ኦሮራ ከመጡ ገና ወራቸው ነው፤ የማንን እናት አጠገባቸው እንዳስቀመጥን አያውቁም። ሎውሪ የሚባለው ሰፈር ስንደርስ የአውሮፕላን ሙዚየሙ ደጃፍ ላይ የቆመውን ቦምብ ጣይ አዩና ፊታቸው በራ።

«እኔ እኮ ደብረ ዘይት የቦምበር መካኒክ ነበርኩ። ነፍሱን ይማረውና፣ መቶ አለቃ እንዳልክ ቀጸላ የሚባል ልጅ ነበረን። የመጨረሻ ቀን አውሮፕላናቸውን ቼክ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እየሳቀ ነው የወጣው።»

ስለሺ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ።

«አልተመለሰም?» አሉ እማማ።

«ምን ይመለሳል፣ እሜቴ! ሲቃጠል ጓደኞቹ አይተዋል።»

እማማ ራሳቸውን ይስታሉ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸው ግን እጄን አስለቅቀው ወደ ልጃቸው ጎንበስ አሉ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእስር ፍታልኝ፣ ካለበት መልስልኝ ብዬ አምላኬን ለመንኩት። አንድ ቀን እንኳ ነፍሱን ማርልኝ ሳልለው! ልጄን ያለ ፍትሐት፣ ያለ ለቅሶ አስቀመጣችሁት?»

ስለሺ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። በዚያች ሰዓት ጠላሁት፤ አንጀቴንም በላው።

በማግስቱ ፍትሐት ተደረገ፤ አፓርታማችንም ለቀስተኛ ሞላው። ሰው ምግብ ይዞ ይገባል፣ መቼ እንደሞተ ይጠይቃል፣ ሲነገረው ይደነግጣል፣ ከዚያ ነጠላውን አዘቅዝቆ ያለቅሳል። ስለሺ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። ፀጉሩ የሸሸ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው። ድንገት ገባና እናቱ እግር ሥር ተደፋ።

«ጋሼ!» አለ ለዚያ ለሃያ አራት ዓመት ልጅ። «ጋሼዬ!» ፊቱን በእናቱ ቀሚስ ሸፍኖ ስለነበር ጥሪው እምብዛም አልተሰማም።

እማማ ጭንቅላቱን ዳበሱት።

«ጮክ በል ልጄ» አሉት። «ሩቅ ነው ያለው።»